ራስጌው በምዕራብ የቆመ መቃብር

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ከቡለን በላይ ካለው ደጋችን ተነሣሁ። የሄድኩት የልጄን የአያልነህን አጥንት ላመጣ ነው። ለንግድ አሶሳ ወርዶ በንዳድ ሞተ፤ ወሬውን ያመጡልኝ ነጋዴዎች እስላም አገር መቀበሩን ከመናገር በቀር የሚያውቁት አልነበራቸውም።

እኔ ቄስ ነኝ። ስንቱን ክርስቲያን ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አስተኝቼ ቀብሬአለሁ፤ ጌታ ከምሥራቅ ሲመጣ ቀና ብሎ ፊት ለፊት እንዲያየው። የራሴው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ይነሣ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽም ጠጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ፣ ከቤት መውጣት ትታለች።

ዓባይ

ቁልቁለቱን ከአሞሌ ነጋዴዎች ጋር ወረድን። ቆላው ገና በጠዋቱ ያነዳል። ዓባይ በበጋው ጎድሎ ነበርና በግንድ ታንኳ ተሻገርን፤ የቀዛፊው ዋጋ ለሰው ግማሽ አሞሌ ነው፤ በቅሎዬ ግን በነጻ ዋኝታ ተሻገረች። እኔ የታንኳውን ጠርዝ ሁለት እጄን አጣብቄ ይዤ ስደግም ነጋዴዎቹ በቅሎዋ ከእርስዎ ትደፍራለች እያሉ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ከወንዙ ማዶ ቤቱም አጥሩም አልጋውም የሽመል ነው፤ የሽመል አልጋ ደግሞ እንደኔ ላለ ወገበ ደካማ ይመቻል።

አሶሳ

ልጄን ያስታመመው አደም የሚባል የበርታ ሰው፣ ነጋዴ ነው፤ ገበያ ላይ ጠያይቄ አገኘሁት። እንዳየኝ ፍየል ሊያርድልኝ ተነሣ። መጾሜን ስነግረው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አስቀረበልኝ፤ ጠርጌ በላሁ። ከዚያም ወደ መቃብራቸው ወሰደኝ።

መቃብሮቹ ተደርድረዋል፤ የራስጌያቸው ድንጋይ በምሥራቅ በኩል ቆሟል። ከእኛ ሥርዓት የተገላቢጦሽ ነው፤ የፈራሁት ደረሰ አልኩ። አደም ግን እጄን ይዞ ወደ ዳር መራኝ። እዚያ የአንዱ መቃብር ድንጋይ ብቻውን በምዕራብ ቆሟል።

«ይሄ ልጅህ ናት» አለኝ። «ታመመ ጊዜ እኔ ጠየቅኩት፤ የእናንተ ሰው ሙት ሲሆን እንዴት ይተኛል? እሱ አለ፣ ፊት ወደ ፀሐይ መውጫ። ጌታዬ ከዚያ ይመጣል፣ እኔ ይነሣል፣ አልፈራም አለ። የእኛ ሰዎች አይሆንም አሉ። እኔ አልኩ፣ ወላሂ ይሆናል፤ ልጁ አማና ነው፣ አላህ የሰጠኝ አደራ። አንገቱ ላይ ያለ ክርም አልፈታሁም።»

ማተቡን ማለቱ ነው። አለቀስኩ፤ ግን ደረቴ በኩራት ተነፋ። እኔ መቅደስ ውስጥ፣ በካህናት መካከል የማስተምረውን ትንሣኤ ልጄ በባዕድ አገር፣ ንዳድ እያንቀጠቀጠው፣ ያለ ካህን መስክሮታል። ለመቆፈሪያ ያመጣሁትን ዶማ ለአደም ሰጠሁት። ለልጄ ፍትሐት ደገምኩለት። አደምም መዳፎቹን ዘርግቶ በራሱ ቋንቋ እየጸለየ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመ።

ቤት

ለሆሳዕና ደረስኩ። አጥንት ላመጣ ሄጄ ኩራት ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ጌታ ልጄን ከአሶሳ አፈር ለመጥራት የእኔ በቅሎ እንደማታስፈልገው ያወቅሁት ከሄድኩ በኋላ ነው።

ለጥሩነሽ ሁሉን ነገርኳት። ተነሥታ ማቋን አወለቀች። የፋሲካ ቀሚሷን ከሣጥን እያወጣች እንዲህ አለችኝ፦

«በትንሣኤ ሙታን መጀመሪያ ልጄን አቅፌ እጠግባለሁ። ቀጥሎ ያንን አደም የሚሉትን ሰው ያሳዩኝ፤ እኔው ራሴ እጅ ልንሣው።»