ጉማሬው ዛፍ ላይ የወጣበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን ሲጨልም እናቴ ኩራዝ ትለኩሳለች፤ አብረውን የሚኖሩት የአባቴ አጎት፣ ዓሣ አጥማጁ አባባ ዳንጊሶ፣ የተቀደደ መረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይቀመጡና እየጠገኑ ተረት ያወሩልናል። ያኔ የፍሙ ቅላት፣ የኩራዙ ጭስና የመረቡ የሐይቅ ሽታ አንድ ላይ ሆነው ዓይኔን ይከድኑብኝና፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ የሚሉትን ሁሉ አየው ነበር።

ከሁሉ የምወደው የጉማሬውን ነበር። ጉማሬ ድሮ የሚያምር ጸጉራም ካባ ነበረው አሉ። ጉሬዛ ካባውን ለሰርግ ብላ ተውሳ ዛፍ ላይ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ምስኪኑ ጉማሬም ራቁቱን ሰው እንዳያየው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላል። አባባ ዳንጊሶ በተረት ቀልድ አያውቁም፤ አንዲት ቃል ከተዛነፈች ይቆጡ ነበር፣ እኔ ደግሞ ቁጣቸውን ሳይቀር እወደው ነበር።

አንድ ጊዜ የአምባዛ ዓሣ እሾህ አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እሾህ ወጋኝ ብሎ ያወራል እንዴ? በጨርቅ ጠቅልለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰንበት ብሎ አንድ ምሽት እጃቸው አብጦ፣ ምድጃውን ታቅፈው እየተንቀጠቀጡ ተቀመጡ። «ምች ነው የመታዎት» አለችና እናቴ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣች። እኛ አላዘንንላቸውም፤ ተረት ብለን አስቸገርናቸው።

ጀመሩልን። ሮጦ እንደመጣ ሰው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጉማሬው ዛፍ ላይ ወጣ አሉ። ታናሽ ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ፈራሁ።

«አባባ፣ የወጣችው ጉሬዛ ናት እኮ» አልኳቸው።

አተኩረው አዩኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

እያለቀስኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። «ተረቱን ተሳሳቱ! እኔንም አላወቁኝም!»

እናቴ ቅጠሉን ጣለችው። ለትኩሳቱማ ዳማከሴ ነበራት፤ ሰው አለማወቃቸው ግን ሌላ ነገር መሆኑ ገባት። ከአባቴ ጋር ደግፈው በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ ሴፕሲስ ነው አለ፤ ከጣታቸው ቁስል የተነሳው ኢንፌክሽን መላ ሰውነታቸውን አናግቶት ነበር። መድኃኒቱን ወዲያው በደም ሥራቸው ጀመሩላቸው። «እስኪነጋ ብትጠብቁ ኖሮ...» ብሎ ሐኪሙ ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ለተላጠ ጉልበት ሳይቀር «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የምትል ሆነች።

አባባ ዳንጊሶ ዳኑ፤ ጤናቸው ግን ቶሎ አልተመለሰም። ትንሽ ተራምደው ይደክማቸዋል፣ መረቡን እንደያዙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የታመሙባቸው ቀናት ከአእምሯቸው ጨርሰው ጠፍተው ነበር፣ ይህም ያስጨንቃቸው ነበር። አንድ ምሽት «እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ። እሾሁን፣ ብርዱን፣ ትንፋሹን፣ የባጃጁን ሩጫ ነገርኳቸው።

ከዚያ ዘመን ተረቶች ብዙዎቹ ዛሬ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነው የቀረኝ። ይህኛውን ግን ለልጆቼ ሙሉውን እነግራቸዋለሁ፤ የቆሰለ ወይም የታመመ ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ነገር ሲምታታበት ተቀምጠው እንዳይጠብቁ። ስነግራቸው ሁልጊዜ የአባባ ዳንጊሶ ፊት ይመጣብኛል፤ ያን ምሽት ለእሳቸው ሳወራ ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሼ ትንፋሽ ልወስድ ቆም ብል፣ በኩራዙ ብርሃን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣

«ኋላስ? ሰውየው ተረፈ?» አሉኝ።

«ተረፈ፣ አባባ።»

«እሰይ!» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው የሰሙ ያህል ከልባቸው ደስ ብሏቸው።