ጠመንጃውን ለማን ልስጠው?

በደርግ ጊዜ ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሳለሁ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ግራ ያጋባኛል። አንድ እኩያዬ የሆነ የገበሬ ማኅበር ታጣቂ ከትራክተር ወድቆ እግሩ ተሰብሮ መጣ። መሣሪያው ፈቃድ አለው፤ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። እሱ ደግሞ ጠመንጃውን እቅፍ አድርጎ አልለቅም አለ።

«ለዘበኛው ልስጥልህ?»

«አይሆንም!»

«ላመጣህ ወንድምህስ?»

«ለእሱማ ጭራሽ!»

ድንገት በር ላይ ቆሞ ወደሚያፈጥብን ሰውዬ ጠቆመ። «ለእሱ ስጠው፤ አደራ በለው።»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። ጠመንጃውን ከነጥይቱ ተቀብሎ ውጭ ቁጭ አለ።

እግሩን በእንጨት ደግፌ እያሰርኩ «ዘመድህ ነው?» አልኩት።

«ደመኛዬ ነው። መውደቄን ሰምቶ ሊገድለኝ ነው የመጣው» አለኝ። «አሁን ግን አደራዬን ይዟል፤ በምን እጁ ይገድለኛል?»