ባዶ የተባለው የእናቴ መሬት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ማዘጋጃ ቤት ለስብሰባ ተጠርተን ሄድን። አንድ ወጣት ባለሙያ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ "ይህ ባዶ ቦታ ነው፤ መንገዱ በዚህ ያልፋል" አለን። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን "ባዶ" ሲል የቀረውን ሳልሰማ ተነሥቼ ወጣሁ።

በሃምሳዎቹ ማብቂያ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ እዚያው ከተማ የጽሕፈት ሥራ ይዤ ነበር። የከተማውን ፕላን ሊሠሩ ከአዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች አንዱ፣ ነዳፊው ጌታሁን፣ እጮኛዬ ሆነ። ሽማግሌ ልኮ እናቴ እሺ ብላለች። አባቴ ሞቶ ስለነበር የምትተማመነው በከተማው ጥግ ባላት ማሳ ብቻ ነው። ጌታሁን ብርዱ ሲብስበት እኛ ቤት እየመጣ የገብስ ገንፎዋን ይበላ ነበር። እሷም ቅቤውን አትሰስትለትም።

አንድ ቀን በአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎች አሳየኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለዚሁ በተሠራ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ሳያቸው ጉብታው ብድግ፣ ወንዙ ዝቅ አለልኝ። እኔማ ጉድ አልኩ።

"እነዚህ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?" አለኝ።

"ጓይ ነዋ። አፈሩን ከምረው ሲያቃጥሉት ነው። ከዚያ ገብስ ይዘሩበታል።"

"ይኼኛውስ? ምንም የለበትም።"

"እሱ የእናቴ ነው። ጦም አድሮ ነው። ስንት ዓመት ካላረፈ እኮ ጓይ አይሆንም። ዘንድሮ ተራው ደርሷል።"

ያልኩትን በእርሳስ ጻፈው። ዓይኔ እያየ ነው የጻፈው።

ከፋሲካ በኋላ ፕላኑ ተለጠፈ። የታረሰ መሬት የተወሰደበት ምትክ ያገኛል፤ ባዶ የሆነው ግን ለቤት መሥሪያ ይታደላል ተባለ። የእናቴ ማሳ ላይ "ባዶ" የሚል ተጽፏል። ማሳውን ከተመሩት ሰዎች መካከል የጌታሁን ስም አለበት። ሮጬ ሄድኩበት።

"ነግሬህ አልነበረም?"

"ፎቶግራፉ ላይ ምንም አይታይም። ደግሞስ ምን ያስቆጣሻል? የምትኖሪበት አንቺው ነሽ።"

ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። አቤት ብንልም የሰማን የለም፤ መሬቱ በዚያው ቀረ።

እናቴን ያገኘኋት ማሳው ዳር ነው። ለጓይ ማንደጃ ያከማቸችውን ኩበት ወደ ቤት ልትመልስ በቅርጫት ትለቅማለች።

"አንቺ ነሽ ያሳየሽው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ። ያንቺ መሆኑን እንዲያውቅ ብዬ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝና መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ስለ መሬቱ አንስታብኝ አታውቅም።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። የጌታሁን ነገር ከወጣልኝ ቆየ፤ መልኩ እንኳ በደንብ አይመጣልኝም። የሚያንገበግበኝ የእናቴ ዝምታ ነው። የሸጥኳት እኔ እንደሆንኩ እያሰበች የሞተች ይመስለኛል። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ "እማዬ፣ እኔንም ነው የከዳኝ" አላልኳትም።