የጅማ ቆብ

በደርግ ጊዜ ነው። ለገና አዲስ አበባ ወጥቼ ያረፍኩት ወንድሜን በስልክ ብቻ በሚያውቁት የሥራ ባልደረባው በአቶ ታደሰ ቤት ነበር። በዋዜማው ስደርስ ጅማ አጠገብ ሰርቦ ያለው ሙስሊም ጎረቤቴ የሰጠኝን የጥልፍ ቆብ አድርጌያለሁ። አቶ ታደሰ ቆቡን አየት አድርገው ወጡ።

በበዓሉ ጠዋት ለብቻዬ ትሪ ሙሉ ጥብስ ቀረበልኝ።

«አይሳቀቁ፣ ይህ የእርስዎ በግ ነው። በሙስሊም እጅ ነው ያሳረድኩት» አሉኝ። «እዚህ ጎረቤት እንደ እርስዎ ባለቆብ የጅማ ሰው፣ የአጋሮ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ናቸው ያረዱልኝ።»

ጾሙን ሙሉ ሥጋ ሲያምረኝ የከረምኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ብለው ሁለተኛ በግ ከገዙ በኋላ ክርስቲያን ነኝ ማለት ከበደኝ። ቀስ ብዬ እጄን ታጠብኩ። አቶ ታደሰ ሊያጎርሱኝ ሲጠጉ ግን መላው ጠፋኝና ማተቤን ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋቸው።

ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ።

«በሉ እንግዲህ፣ ምግቡ አይባክን» አሉና ሽማግሌውን አስጠሩ።

ሽማግሌው መጡ፣ ታጠቡ፣ ትሪው አጠገብ ተቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና አማተቡ።