እናቱን ጾም ያላስገደፈው እስረኛ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ጌታ ያደረገልኝን ልመስክር ብዬ ነው የቆምኩት። መድረክ አልለመድኩም፤ ከተንተባተብኩ ቻሉኝ። አንዳንዶቻችሁ በዩኒፎርም ስታዩኝ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትወስድ መጣች?» እንዳላችሁ አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ ማንንም አልወስድም። ሃሌ ሉያ!

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አሰላ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉን ካላወቅኩ የምል ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ በሰው ነገር ካልፈተፈትሽ እህል አይወርድልሽም» ትለኝ ነበር። ፖሊስ ሆንኩና መጠየቅ እንጀራዬ ሆነ። ከአሰላ ራቅ ባለች ደጋ ከተማ ተመደብኩ። ሥራዬ እስረኛ ሊያዩ የሚመጡ ሴቶችን በር ላይ መፈተሽ ነበር። ምግብ ያመጣ ሰው ደግሞ እፊታችን ሳይቀምስ ምግቡ አይገባም፤ ደንብ ነው።

አንድ ሁዳዴ ደረጀ የሚባል ወንጌላዊ ታስሮ መጣ። አንድ አማኝ አባት ሞተው «ጴንጤ ናቸው» ተብሎ የመቃብር ቦታ ሲከለከሉ፣ ምእመናኑን ሰብስቦ በሟቹ በራሳቸው ማሳ ዳር ጸልዮ ቀበራቸው። መቃብሩን የከለከሉት ሰዎች «ሕዝብ አነሳስተሃል» ብለው ከሰሱት።

በማግስቱ እናቱ እማማ አስካለ ሽሮ ይዘው ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ማተባቸው አንገታቸው ላይ ነው።

«ይቅመሱ እማማ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

እኔም ጾመኛ ነኝ። እሱ ይቅመስ ብዬ ሳጅን ጀማልን ጠራሁት፤ እሱ ደግሞ ረመዳን ይዟል። «ማል ጎና! ምን እናድርግ! ጣቢያው ሁሉ ጾመኛ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እማማ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ከእንጀራው ቆረሱ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ከግቢው ውስጥ ጩኸት መጣ፦ «እማዬ፣ ተይ! በእግዚአብሔር ተይ! እቆያለሁ!»

ቆየ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ የሚመጡት በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሌሎቹ እስረኞች «ና ብላ» ሲሉት «እናቴ ስትመጣ» ይላል። እኔ እንግዲህ ነገሩ ከነከነኝ። ጴንጤ ሁዳዴ ሲጾም የት ታየ? አላስችል ሲለኝ ፍርግርጉ ጋ ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ ኦርቶዶክስ ተመለስክ እንዴ? የማንን ጾም ነው የምትጾመው?»

«የእናቴን» አለኝ። «እህቴ፣ እኔ እኮ የታሰርኩት እንዳመንኩት ላምልክ ብዬ ነው። በእኔ ሰበብ እናቴ ያመነችውን ካፈረሰች፣ ታዲያ የታሰርኩት ለምንድን ነው?»

ሌላ ጥያቄ ሳልጨምር ወደ በሩ ተመለስኩ። ይህን እናቴ ብታይ ተአምር ነው ትል ነበር! ጌታ ይመስገን!

ቀጠሮው ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎች ያዙት። «ከእንግዲህ ሰው ሰብስቤ አልጸልይም በል። ከሳሾችህ ይቅር ይሉሃል፤ ክሱም እንዲነሳ እንለምናለን» አሉት። ደረጀ «አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱን አልችልም» አለ። ይሄኔ ወደ እማማ ዞሩ። «እርስዎ እናት አይደሉ? እስቲ ይምከሩት።»

እኔ አጃቢ ሆኜ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ምን ሊሉ ነው ብዬ ጆሮዬ ቆመ። ልጃቸው ጴንጤ ሲሆን አልቅሰው፣ ብዙ ዘመን አላናገሩትም ነበር፤ ራሳቸው ነግረውኛል።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እምነቱን አልወደድኩለትም። ዛሬም አልወደውም» አሉ። «ግን እሱ በራበው ቀን እኔን ጾሜን አላስገደፈኝም። እኔ ታዲያ እንዲፈታልኝ ብዬ እሱን ጸሎቱን ላስተወው?»

ሽማግሌዎቹ ልመናቸውን ተዉ። ፍርድ ቤቱ በዋስ ለቀቀው፤ ክሱ ግን አልተዘጋም።

እኔ እዚያው ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ቀረሁ። «ኢየሱስ ሆይ፣ ስምህን ከልጅነቴ እጠራለሁ። ይሄ ሰው የሚያውቅህን ያህል ግን አላውቅህም። ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኩ። ይኸው ነው ጸሎቴ። እንባዬ ግን አልቆም አለኝ። ሃሌ ሉያ! ከዚያ በኋላ ደረጀን በጥያቄ ወጥሬ ያዝኩት፤ ምስኪን፣ መርማሪው እንኳ እንዲያ አላደከመውም! በመጨረሻ ጌታን የሕይወቴ አዳኝ አድርጌ ተቀበልኩ። እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች፤ አልፈርድባትም። እማማ አስካለም ያው በእምነታቸው ናቸው፤ ባገኘኋቸው ቁጥር ጉልበታቸውን እስማለሁ።

የደረጀ ውሳኔ በሚመጣው ሳምንት ነው። ሊፈረድበት ይችላል። ጠበቃውን ጠየቅኩ፣ ፍርድ ቤት የሚሠሩትን ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ የለም። ድሮ መልሱን የማላውቀው ነገር ያሳብደኝ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ጌታ ምን ሊያደርግ ይሆን ብዬ እጓጓለሁ። የዳኛም ይሁን የሐኪም ቃል እየጠበቃችሁ ልባችሁ የተንጠለጠለ ወገኖቼ፣ ጌታን ጠይቁት፤ ጥያቄ አይሰለቸውም። ለማመን ግን መልሱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ስሙ ይባረክ!