በማርያም ዕለት የተጠማ ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መቅደስ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «እማ፣ ነገ ፈተና አለብኝ፤ ጠይቂኝ» አለችኝ። እዚሁ ብቸና ኮሌጅ ገብታ የግንባታ ሙያ ትማራለች። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ፊደሉን ቀስ እያልኩ እለቅመዋለሁ። «ጡብ ከመደርደሩ በፊት ውሃ ውስጥ የሚነከረው ለምንድን ነው?» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። የዚህን መልስ ያወቅሁት ከደብተር አልነበረም።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሞጣ አክስቴ ዘንድ እኖር ነበር። ከከተማው ዳር የትምህርት ቤት ክፍሎች ይሠሩ ስለነበር ውሃና ጡብ አመላላሽ ሆኜ ገባሁ። ዋናው ግንበኛ ጋሼ ሰይድ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ሁሉ ነጋዴ ሆኖ እሳቸው ብቻ ግንብ የወደዱ፣ ቁጡ መስለው ቀልደኛ የሆኑ የሞጣ ሰው ነበሩ።

«ጡብ እንደ ሰው ነው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ከጠማው ያገኘውን ይጠጣል። ቀድመሽ ካላጠጣሽው የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠውና ሲሚንቶው ዱቄት ሆኖ ይቀራል።»

እኔ ከልጅነቴም ስጉ ነኝ። በር ዘግቼ ወጥቼ ተመልሼ የማይ ዓይነት። እናም ይበቃው ይሆን፣ አይበቃው ይሆን እያልኩ ጡቡን ቀኑን ሙሉ በርሜል ውስጥ አዋልኩት። ጋሼ ሰይድ አንዱን አንሥተው ሲያስቀምጡት እንደ ሳሙና ተንሸራተተ።

«አንቺ ልጅ፣ አጠጪው አልኩሽ እንጂ አስክሪው አልኩሽ?»

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ልኩን ለመድኩ፦ መንከር፣ አረፋው ሲያቆም ማውጣት፣ ፊቱ ጠፈፍ ሲል ማቀበል።

እያቀበልኩ አያለሁ። ገመዱ ሲወጠር፣ የግድግዳውን ቀጥታ የሚለካው ቱንቢ ሲንጠለጠል፣ የላዩ ጡብ የታቹን መጋጠሚያ ሸፍኖ ሲቀመጥ አያለሁ። ምሳ ሰዓት በሶዬን በጥብጬ እየጠጣሁ እንኳ ዓይኔ ከግድግዳው አይነቀልም። ሁለት ወር እንደሠራሁ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ጋሼ፣ እኔም ልደርድር?» አልኳቸው።

«ሞጣ ላይ ሴት ግንበኛ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አልኩ።

ሳቁ። ከአንድ መስኮት ሥር ያለችውን አጭር ግድግዳ አሳዩኝና «ይቺን ሥሪ። ከጠነከረች የግንበኛ ማንኪያ ትይዣለሽ። ከረገፈች ወደ ባልዲሽ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ደረደርኩ። እያንዳንዱን ጡብ ሦስቴ ለካሁት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋሼ ሰይድ ቱንቢያቸውን አንጠልጥለው አዩና «ቀጥ ብላለች። እንግዲህ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪያት» ብለው ሄዱ።

ነገ ማርያም መሆኗ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

በእኛ አገር በማርያም ዕለት ሞፈር አይነሣም፣ አካፋ አይነካም። በሚካኤል ዋዜማ የተሠራ አንድ የግንብ አጥር ግን በዓል ነው ተብሎ ሳይጠጣ ውሎ፣ በሳምንቱ በጣት ሲነኩት ሲሚንቶው እንደ በሶ ዱቄት ሲቦን በዓይኔ አይቻለሁ። ባጠጣ በዓል ሻርኩ፤ ባላጠጣ ግድግዳዬ አለቀላት። የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ምሕረት የላትም፤ ነፋሱም አለ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስወጣ ፀሐይዋ አናቴን ስታቃጥለኝ፣ ግድግዳዬን ምን እያደረገቻት ይሆን አልኩ። ሮጥ ብዬ የንስሐ አባታችንን መምሬ ይሁኔን ከበሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«መምሬ፣ ዛሬ ውሃ ባጠጣ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ማንን ነው የምታጠጪው?»

«ግድግዳ።»

አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው «ልጅቷን ፀሐይ መትቷታል» አሉ። እኔ አፌ እየተሳሰረ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። መምሬ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰምተው ሲያበቁ፣

«መሥራትና ማጠጣት ለየቅል ናቸው» አሉኝ። «ዛሬ መሥራት ክልክል ነው። የተጠማን ማጠጣት ግን በየትኛው በዓል ተከልክሎ ያውቃል? ሂጂ አጠጪ። ማንኪያውን እንዳትነኪ ብቻ!»

ነጠላዬን አገልድሜ እንደበረርኩ ሥራው ቦታ ስደርስ ጋሼ ሰይድ ከግድግዳዬ ፊት ለፊት ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ባልዲው ውሃ ሞልቶ ከእግራቸው ሥር ተቀምጧል።

«ጋሼ! እርስዎ አጠጧት?»

«የእናንተ በዓል ነው፣ ጎረቤት አይቀየመኝ ብዬ አልነካሁም። ትቼ መሄድም አልሆነልኝ።» ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «አንቺስ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አሉ።

የመምሬን ቃል ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን እስኪመቱ ሳቁና «ቄስሽ ግንበኛ መሆን ነበረባቸው» አሉ። እሳቸው ከበርሜሉ እየቀዱ፣ እኔ በጣሳ እያፈሰስኩ አጠጣናት። ግድግዳዋ ውሃውን ስትመጥ ድምፅ ነበራት፤ ቀይ የነበረው መልኳ ጠቆረ። እርጥብ ጆንያ አለበስናት።

በስምንተኛው ቀን ጋሼ ሰይድ በትከሻቸው ገፏት፤ አልተነቃነቀችም። መጋጠሚያውን በምስማር ጫሩት፤ ምስማሩ ተንሸራተተ። ማንኪያቸውን አጠቡና በመያዣው በኩል አዞረው ሰጡኝ። ተቀብዬ አለቀስኩ። አግብቼ ብቸና እስክመጣ ድረስ ሦስት ዓመት ግንበኛ ሆንኩ።

ይህን ነግሬያት ስጨርስ መቅደስ ደብተሯን ከደነች። «እማ፣ ለተግባር ልምምድ ሞጣ መድበውኛል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ» አለችኝ።

የግንባታው መወጣጫ ታየኝ፣ መኪናው ታየኝ፣ ብርዱ ታየኝ። ስጋት አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ግን ሁለት ዓይነት ስጋት እንዳለ በዚህ ዕድሜዬ ገብቶኛል። አንዱ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል። ሌላው ግን ተነሥተህ ሩጥ፣ ጠይቅ፣ ውሃ አድርስ ይላል። ለልጄ ማውረስ የምፈልገው ይኸኛውን ነው።

«ሂጂ» አልኳት። «ብቻ አደራሽን፣ በበዓል ዋዜማ እንዳትደረድሪ።»