በአጎቴ ግንብ ሥር የተከፈተው ቀዳዳ

ባለፈው ሳምንት ያ ዝናብ ሲወርድ ሞምባሳ ሮድ ላይ ተዘግቼ ቀረሁ። ከፊቴ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ማታቱ፣ ከጎኔ ውሃ። መቼም የናይሮቢ ጃም መኪና ውስጥ ያስረጃል። ሬዲዮ ብከፍት አንዱ ጎረምሳ፣ የከተማው አስተዳደር ለጎርፉ መላ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ሐሳቡን ይዞ እንዲቀርብ ጋብዟል ይላል። «ከውጭ የመጣ ዓይን እኛ ያላየነውን ያያል» ብሎ ጨመረበት። ብቻዬን ሳቅሁ። ማየቱንስ ያያል! አይቶ ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቁኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው። አዲስ አበባ በውሃ ሥራ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ሳጣ፣ አባቴ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ወደነበረው ወንድሙ፣ ወደ ጋሼ ወርቁ ላከኝ። ጋሼ ሚስቱ ሞታበት፣ ልጅም ሳይኖረው፣ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ለአባቴ በስልክ «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ» አለው። አቤት አጠባበቅ! ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ሌቦች በጓሮው መተላለፊያ ገብተው ዘበኛውን ደብድበውበት ስለነበር፣ መተላለፊያውን በድንጋይ ግንብ ደፍኖ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክሎበታል። መስኮቱ ብረት፣ በሩ ብረት፣ የበሩ ብረት ላይ ደግሞ ሌላ ብረት። ቁልፉ ከጋሼ ኪስ አይወጣም። ጠዋት ራሱ ከፍቶ በመኪና ምግብ ቤት ያደርሰኛል፣ ባንኮኒ ጀርባ ያስቀምጠኛል፣ ማታ መልሶ ያመጣኝና ይቆልፋል። በእግር አምስት ደቂቃ ለማትሞላ መንገድ!

ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ማንጎ እወዳለሁ ብዬ አንድ ቀን አፌ ስላመለጠኝ፣ ገበያ በሄደ ቁጥር የበሰለውን እየመረጠ የሚያመጣልኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለህ ትጣላዋለህ? ማንጎውን እየበላሁ አለቅሳለሁ። ያ ቁልፍ ማታ ቋ ሲል ትንፋሼ የሚቆረጥ ይመስለኝ ነበር።

በሁዳዴ መጨረሻ ትልቁ ዝናብ መጣ። እንደ ጋሼ ሁሉ ሰፈሩ በሙሉ ሌባ ፈርቶ መተላለፊያውን ደፍኖ ኖሯል፤ ውሃው መውጫ አጣ። ጫማችን ሳሎን ውስጥ ተንሳፈፈ። የፍሳሹ ሽታ ምግብ ቤቱ ድረስ ተከተለን፤ የጾም ሽሮ እንኳ እሱን እሱን ይለኝ ጀመር። ጎረቤት ከጎረቤት «ያንተ ግንብ ይፍረስ፣ የለም ያንተ» እየተባባለ ሲናከስ፣ የከተማው ምክር ቤት ሰዎች መረራቸውና በሰፈሩ መግቢያ ማስታወቂያ ለጠፉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለራሱ ስለሚያደላ፣ ከውጭ የሆነ፣ የሌላ አገር ሰውም ቢሆን፣ መላ ያለው ይምጣ አሉ። ሐሳቡ የተወደደለት ሰው ሥራውን እየተቆጣጠረ ስድስት ወር ይቀጠራል።

ስድስት ወር! ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር የምትኖር ሰብለ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ አንዷ ክፍሏ ባዶ ናት፣ ኑሪባት ካለችኝ ቆይታለች። የራሴ ሥራ ካገኘሁ የራሴ ቁልፍ ይኖረኛል ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ነደፍኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በየግንቡ ሥር ቀዳዳ ይከፈት፣ ቀዳዳው ላይ ወፍራም የብረት ፍርግርግ ይግባበት፤ ውሃ ይለፍ፣ ሌባ አይለፍ። ለጋሼም አሳየሁት፤ «ቀለሙ እንዴት ያምራል!» ብሎ አደነቀልኝ።

ንድፉን ለምክር ቤቱ አስገባሁ፤ ቀርበሽ አስረጂ ተባልኩ። ጋሼ ደስታው ወሰን አጣ፤ ግን «ልጃገረድ ብቻዋን የመንግሥት ቢሮ አትገባም፤ ሰው የላትም ይሉናል» አለ። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች አሰናዳ። አፈ ጉባኤያቸው በመኪና ዕቃ ንግድ ያረጁት ጋሽ ደምሴ ናቸው። በዚያ ሙቀት ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮው ውስጥ ኃላፊዋ፣ ሚስስ ዋምቡይ የሚሏት ደልደል ያለች ሴት፣ ወንበር አሳየችን። ሽማግሌዎቹ ወይ ፍንክች! በትራቸውን ተደግፈው ተደርድረው ቆሙ።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዚያ በንግድ እንግሊዝኛቸው፣ «ለልጃችን እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሏት።

ሴትዮዋ አድማ መሰላት። ዘበኛውን ልትጠራ አንገቷን ወደ በሩ አስግጋ ነበር። እኔ እየተንተባተብኩ፣ በአገራችን ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ነገርኳት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋቢዎቹን አየችና ሳቋን ለቀቀችው። «እኛም ዘንድ ሽማግሌ ይላካል። ታዲያ ስንት ፍየል ልስጥ?»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኔም አስረዳሁ። ሐሳቡ ተወደደ። ግን ሚስስ ዋምቡይ ንድፉ ላይ ጣቷን አሳረፈችና፣ «ውሃው መጨረሻ የሚከማቸው እዚህ ግንብ ሥር ነው። መጀመሪያ ይህ ይከፈት። ይህ ሳይከፈት ሌላውን ማንም እሺ አይለኝም፤ አንቺም ሥራ አትጀምሪም» አለች። ጣቷ ያረፈው የጋሼ ግንብ ላይ ነበር።

ማታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤት ገብተን ስንነግረው ጋሼ ፊቱ ጠቆረ። «የኔን ግንብ? በሕይወት እያለሁ አይነካም! ነገ አንድ ነገር ብትሆን ለአባቷ ምን ብዬ እደውላለሁ?» ብሎ ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባ። እኔም ባንኮኒዬ ጀርባ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ለደንበኛ ፈገግ ማለት እንኳ አቃተኝ።

በሳምንቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ከፈተ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ሳሎኑ መሃል ገብተው ቆሙ።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ጋሼ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ኧረ በእግዜር!»

«ራስህ ላክኸን፣ የሰው አገር ሰው ፊት አቆምኸን። እሷ እሺ ብላ አስቀመጠችን፤ አንተ ልታሳፍረን ነው ወርቁ?»

ሦስቱም ቆመው ቀሩ። አንደኛው ጉልበታቸው ይታመም ስለነበር እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ያንን አየ። ላቡን ጠረገ፣ ወደ ግንቡ አየ፣ እኔን አየ። በመጨረሻ «እሺ፤ ይከፈት» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እኔ በሐሳቤ ኪሌሌሽዋ ያለችውን ክፍል ጠርጌ ጨረስኳት!

ሽማግሌ ግን አንዱን ወገን ብቻ አስደስቶ አይሄድም። ጋሽ ደምሴ እየተቀመጡ ቀጠሉ፦ «አንተም ሥጋትህ እውነት ነው። እሷም ትስማ። ግንቡ ይከፈታል፣ ሥራዋንም ትሠራለች፤ ግን እስክትዳር ድረስ ከዚህ ቤት አትወጣም። አይደለም እንዴ ልጄ?»

ስድስት ዓይን ተተከለብኝ። ለእኔ ብለው ሁለት ቀን ሙሉ የቆሙልኝ ሰዎች ናቸው። ምን ልበል? አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩ። መረቁኝ፤ አሜን እያልኩ ውስጤ እርር አለ።

ፉንዲ የሚሉት ግንበኛ መጥቶ ግንቡን በሳው፤ ውሃው እየተጉረመረመ ወጣ። ሰፈሩ ተከተለን። ስድስቱን ወር በቦቲ ጫማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ የሰው ግንብ ሳስበሳ ከረምኩ። ማታ ጋሼ በመኪና እየመጣ ይወስደኝና ይቆልፍ ነበር። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ወደ ባንኮኒው ተመለስኩ። ትዳርም አልመጣ። ቃሌን የተቀበሉት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አረፉ፤ ጋሽ ደምሴም መጨረሻ ላይ ሄዱ። «በቃሽ፣ ፈትተንሻል» የሚለኝ ሰው ሳይኖር ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ጃሙ ተለቆ ቤት ስደርስ እንደራስሁ መጀመሪያ ጓሮ ዞርኩ። ፍርግርጉ ላይ የተከመረውን ቅጠል በእጄ ጠረግሁት፤ ውሃው ተንደርድሮ ሄደ። ጋሼ እግሩ ከከዳው ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አይነሳም።

«ያልፋል?» አለኝ።

«ያልፋል ጋሼ።»

«ቆለፍሽ?»

«ልቆልፍ ነው።»

ከቦርሳዬ አንድ ማንጎ አውጥቼ ላጥኩለት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ፤ ከያዝኩት ዓመታት ሆነውኛል። በሩ ጋ ትንሽ ቆሜ ዝናቡን አየሁ፣ ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ቁልፉንም መልሼ ኪሴ ከተትኩት።